የማያንሸራትት የኮንክሪት ቀለም

የማያንሸራትት የኮንክሪት ቀለም ከቤት ውጭ ባለ የኮንክሪት ወለል፣ ደረጃ፣ በረንዳ፣ የመኪና መግቢያና በመሳሰለው ላይ የሚቀባ ቀለም ነው። ጠንካራና ደቃቅ ቅንጣት አስቀድሞ ይደባለቅበታል፣ ወይም ቀለሙ ሳይደርቅ ከላዩ ይነሰነስበታል። ዓላማው ወለሉ በዝናብ ወይም በእጥበት ውሃ ሲርስ የሚራመድ ሰው እግር እንዳይንሸራተት ማድረግ ነው።

አሠራሩ በሦስት ነገሮች መያያዝ ላይ የተመሠረተ ነው። ቅንጣቱ ስሱን የውሃ ሽፋን ይሰብራል፤ ቀለሙ ቅንጣቱን ይይዛል፤ ኮንክሪቱ ደግሞ ቀለሙን ይይዛል። ከሦስቱ አንዱ ከላላ ሥራው ሁሉ ይበላሻል። በተግባር ቶሎ የሚላላው ቀለሙና ኮንክሪቱ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ስለዚህ የሥራው ትልቁ ድርሻ የቀለሙ ቆርቆሮ ከመከፈቱ በፊት የሚደረገው ዝግጅት ነው።

አስፈላጊነቱ

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ። ሆን ተብለው ካልደረሱ ጉዳቶች መካከል መውደቅ ከመንገድ ትራፊክ አደጋ ቀጥሎ ሁለተኛው የሞት ምክንያት ነው። ከሟቾቹ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ሲሆን፣ ይበልጥ የሚጎዱትም ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ናቸው። ይህ ቁጥር ከከፍታ መውደቅንም ይጨምራል እንጂ የሚያንሸራትት ወለልን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ሆኖም እርጥብ ደረጃና በረንዳ በትንሽ ወጪ ሊስተካከሉ ከሚችሉት የመውደቅ ምክንያቶች መካከል ናቸው።

በኢትዮጵያ ከተሞች ብዙ የግቢ ወለልና ደረጃ የሚጨረሰው በሊሾ ነው። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ለስላሳ» ማለት ነው። ሊሾ በብረት ማለስለሻ ተደጋግሞ ስለሚታሽ ለመጥረግና ለማጠብ ይመቻል፤ ነገር ግን ይኸው ልስላሴው በዝናብ ጊዜ አደገኛ ያደርገዋል። ጣሪያ የሌላቸው የመኖሪያ ቤት ደረጃዎች፣ የውሃ ቦኖ አካባቢዎች፣ የመኪና ማጠቢያዎችና የውጭ መጸዳጃ ቤት መግቢያዎች የማያንሸራትት ቀለም በተለይ ከሚያስፈልጋቸው ቦታዎች ውስጥ ናቸው።

እርጥብ ወለል የሚያንሸራትተው ለምንድን ነው?

ደረቅና ንጹሕ ከሆነ ለስላሳ ሲሚንቶ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ አያንሸራትትም፤ የጫማ ሶልና ወለሉ በቀጥታ ስለሚነካኩ በመካከላቸው በቂ ሰበቃ አለ። ወለሉ ሲርስ ግን ተረከዝ በሚያርፍበት ቅጽበት ውሃው ከሥሩ የሚሸሽበት ጊዜና ቦታ ያጣል። በጫማውና በወለሉ መካከል ስስ የውሃ ሽፋን ስለሚቀር እግሩ የሚያርፈው ሲሚንቶው ላይ ሳይሆን ውሃው ላይ ይሆናል። ሳሙና፣ ዘይት ወይም አልጌ ከተጨመረበት ሽፋኑ ይበልጥ ወፍራምና ሙልጭልጭ ይሆናል።

ወለሉ ሸካራ ከሆነ ግን ጫፎቹ የውሃውን ሽፋን ወግተው አልፈው ከሶሉ ጋር ይገናኛሉ፤ ውሃውም በጫፎቹ መካከል ወዳለው ዝቅታ ይሸሻል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሸካራነት በጣም ትንሽ ነው። በብሪታንያ የጤናና ደኅንነት መሥሪያ ቤት መመሪያ መሠረት ንጹሕ ውሃ በሚያርሰው ወለል ላይ ከጫፍ እስከ ዝቅታ ያለው የሸካራነት መጠን ከ20 ማይክሮሜትር (0.02 ሚሊሜትር) በላይ ከሆነ የማንሸራተት አደጋው ዝቅተኛ ነው፤ ከ10 ማይክሮሜትር በታች ከሆነ ደግሞ ከፍተኛ ነው። ዘይት ወይም ቅባት የሚፈስበት ወለል ከዚህ የበለጠ ሸካራነት ይፈልጋል።

ከዚህ አንድ አስፈላጊ ነገር ይከተላል። ተራ የወለል ቀለም የኮንክሪቱን ጥቃቅን ቀዳዳዎችና ጭረቶች ሞልቶ ያለሰልሳቸዋል። ስለዚህ ቅንጣት የሌለው ቀለም ቀድሞ ሸካራ የነበረን ኮንክሪት ይበልጥ የሚያንሸራትት ሊያደርገው ይችላል። ወለልን «ለማሳመር» ብቻ ቀለም መቀባት ካለመቀባት የከፋ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

የማንሸራተት መጠን አለካክ

በዓለም አቀፍ ደረጃ በብዛት ከሚሠራባቸው መንገዶች ሁለቱ የሚከተሉት ናቸው።

የፔንዱለም መለኪያ፦ ጫፉ ላይ ጎማ የተገጠመለት ክንድ ከፍ ካለ ቦታ ተለቆ ወለሉን እየታከከ ያልፋል። ወለሉ ብዙ ሰበቃ ካለው ክንዱ ጉልበቱን ስለሚያጣ በሌላው ወገን ብዙም ከፍ አይልም። የሚነበበው ቁጥር 36 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የማንሸራተት ዕድሉ ዝቅተኛ ነው፤ ከ25 እስከ 35 መካከለኛ፣ 24 እና ከዚያ በታች ደግሞ ከፍተኛ ነው። መሣሪያው ተነቅሎ ስለሚጓጓዝ አገልግሎት ላይ ያለን ወለል በቦታው ለመለካት ያገለግላል።

የተዳፋት ፍተሻ፦ በጀርመን ደረጃ መሠረት የሚደረግ የላቦራቶሪ ፍተሻ ነው። አንድ ሰው በገመድ ታስሮ፣ ዘይት በፈሰሰበት ሰሌዳ ላይ ወደፊትና ወደኋላ ሲራመድ ሰሌዳው ቀስ በቀስ ያዘነብላል። ሰውየው መንሸራተት የሚጀምርበት ማዕዘን የወለሉን ደረጃ ይወስናል። ደረጃዎቹም፦

- አር9፦ ከ6 እስከ 10 ዲግሪ
- አር10፦ ከ10 እስከ 19 ዲግሪ
- አር11፦ ከ19 እስከ 27 ዲግሪ
- አር12፦ ከ27 እስከ 35 ዲግሪ
- አር13፦ ከ35 ዲግሪ በላይ

አር9 ከዜሮ የሚጀምር ሚዛን ዘጠነኛ ደረጃ ስለሚመስል ብዙ ጊዜ ያሳስታል። በእውነቱ የሚዛኑ የመጨረሻ ዝቅተኛ ደረጃ እሱ ነው፤ ዝናብ ለሚያገኘው የውጭ ደረጃ አይበቃም። በቀለም ቆርቆሮ ላይ እነዚህ ቁጥሮች ሲጻፉ የሚመለከቱት በላቦራቶሪ በጥንቃቄ የተቀባን ናሙና ነው፤ በግቢ ውስጥ የሚገኘው ውጤት እንደ ቀቢው ሥራ ይለያያል።

የቀለም ዓይነቶች

አክሪሊክ፦ በውሃ የሚቀጥን ቀለም ነው። ፀሐይን በደንብ ይቋቋማል፣ ከኮንክሪቱ የሚወጣን የውሃ ተን በመጠኑ ያሳልፋል፣ ለመቀባትም ቀላል ነው። እግረኛ ለሚሄድበት በረንዳና ደረጃ ተስማሚ ሲሆን፣ መኪና በሚመላለስበት ቦታ ቶሎ ይበላል።

ኢፖክሲ፦ ሁለት ክፍል ያለው ሲሆን ክፍሎቹ ሲደባለቁ በኬሚካዊ ለውጥ ይጠነክራል። በጣም ጠንካራና ከኮንክሪት ጋር በደንብ የሚጣበቅ ነው። ነገር ግን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ወደ ቢጫነት ይቀይረዋል፤ ፊቱንም እንደ ጠመኔ ያደቅቀዋል። ስለዚህ ለውጭ ወለል ሲውል አብዛኛውን ጊዜ ከላዩ ሌላ ፀሐይ የሚችል ሽፋን ይደረግበታል።

ፖሊዩሬቴን፦ አሊፋቲክ የሚባለው ዓይነቱ ፀሐይንና ሰበቃን ስለሚቋቋም በኢፖክሲ ላይ የመጨረሻ እጅ ሆኖ ይቀባል። ከአክሪሊክ ይበልጥ ውድ ነው፤ ሳይደርቅ እርጥበት ሲያገኝም አረፋ ሊያወጣ ይችላል።

የዘይት ቀለም፦ ለእንጨትና ለብረት የሚሆነው ተራ የዘይት ቀለም ለኮንክሪት አይመከርም። ሳሙና ከቅባትና ከአልካላይ እንደሚሠራ ሁሉ፣ በኮንክሪት ውስጥ ያለው አልካላይ በእርጥበት እየታገዘ የቀለሙን ዘይት ወደ ሳሙናነት ይለውጠዋል። ቀለሙም ይለሰልስና ይላጣል።

የቅንጣት ዓይነቶች

የኳርትዝ አሸዋ በስፋት የሚሠራበት ቅንጣት ነው። በሞስ የጥንካሬ ሚዛን 7 ያህል ነው። አሉሚኒየም ኦክሳይድ 9፣ ሲሊከን ካርባይድ ደግሞ ከ9 በላይ ስለሆኑ ብዙ ሰው ወይም ተሽከርካሪ ለሚያልፍበት ቦታ ይመረጣሉ። በአውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች መድረክ ላይ የሚቀባውም ሽፋን በኢፖክሲና በእንዲህ ዓይነቱ ጠንካራ ቅንጣት የሚሠራ ነው። ከዚህ ሌላ የፕላስቲክ ቅንጣት፣ ደቃቅ የብርጭቆ እንክብልና የጎማ ፍርፋሪም አሉ። የፕላስቲክና የጎማ ቅንጣቶች ለባዶ እግር ቢለሰልሱም ቶሎ ይበላሉ። ክብ የብርጭቆ እንክብል ሹል ጫፍ ስለሌለው እንደ ተሰበረ አሸዋ አይነክስም።

ለሕንጻ ሥራ የሚሸጥ አሸዋ እንዳለ ቢነሰነስ ውስጡ ያለው ጭቃና አፈር ቀለሙ ቅንጣቱን እንዳይዝ ያደርገዋል፤ የቅንጣቱም መጠን የተለያየ ነው። የግድ በእሱ መሥራት ካስፈለገ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ መታጠብ፣ ሙሉ በሙሉ መድረቅና በወንፊት ተነፍቶ ተመሳሳይ መጠን እንዲኖረው መደረግ አለበት።

መጠኑን በሚመለከት ለባዶ እግር መሄጃ ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊሜትር፣ ለጫማ መሄጃና ለደረጃ ከ0.3 እስከ 0.8 ሚሊሜትር፣ ለመኪና መወጣጫ ደግሞ 1 ሚሊሜትር ያህል ብዙ ጊዜ ይመረጣል። ሸካራነት በበዛ ቁጥር ለማጽዳት ያስቸግራል፤ የወደቀንም ሕፃን ጉልበት ይልጣል። ስለዚህ ከሚያስፈልገው በላይ ማሻከር ጥቅም የለውም።

የኮንክሪቱ ዝግጅት

ዕድሜ

አዲስ ኮንክሪት ቀለም ከመቀባቱ በፊት ቢያንስ 28 ቀን እንዲቆይ ይመከራል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሲሚንቶው ከውሃ ጋር ያለውን ኬሚካዊ ለውጥ በአብዛኛው ይጨርሳል፤ ትርፉ ውሃም ይተናል። የአዲስ ኮንክሪት ፒ ኤች ከ12 እስከ 13 የሚደርስ ስለሆነ ብዙ ቀለሞችን ይጎዳል። ክረምት ላይ የተሞላ ወለል 28 ቀን ቢሞላውም ውስጡ እርጥብ ሊሆን ስለሚችል ቀን መቁጠር ብቻውን አይበቃም።

የእርጥበት ፍተሻ

ቀላሉ መንገድ የላስቲክ ፍተሻ ነው። ጎንና ጎኑ 45 ሳንቲሜትር ያህል የሆነ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ በወለሉ ላይ ተዘርግቶ አራቱም ጠርዝ በፕላስተር ይታሸጋል። ቢያንስ ከ16 ሰዓት በኋላ ሲገለጥ ከላስቲኩ ሥር ጠብታ ከታየ፣ ወይም ኮንክሪቱ ከዙሪያው ይልቅ ጠቁሮ ከተገኘ፣ ወለሉ ገና ውሃ እያወጣ ነው ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ የተቀባ ቀለም ከሥሩ በሚመጣ ተን ተገፍቶ አረፋ ያወጣል። ከሥሩ ላስቲክ ሳይነጠፍለት በቀጥታ አፈር ላይ የተሞላ ወለል ይህ ችግር ሊደጋገምበት ስለሚችል፣ ተን በማያሳልፍ ቀለም ከመሸፈኑ በፊት በተለያዩ ቦታዎች መፈተሽ አለበት።

ማጠብ

ወለሉ በመጀመሪያ ተጠርጎ በፈሳሽ ሳሙናና በጠንካራ ብሩሽ ይታጠባል። የሞተር ዘይት ካለበት ሰጋቱራ ተነስንሶ ዘይቱን እንዲመጥ ከተደረገ በኋላ በሙቅ ውሃና በሳሙና ተደጋግሞ ይታሻል። አረንጓዴ አልጌ በቀጠነ በረኪና ከሞተ በኋላ ተፍቆ በብዙ ውሃ ይጠረጋል። ነጭ የጨው ዱቄት ከታየ በደረቁ በሽቦ ብሩሽ ይነሳል፤ ዱቄቱ ተመልሶ ከመጣ ግን ምልክቱ የጨው ሳይሆን ከሥር የሚመጣ የውሃ ነው፤ መስተካከል ያለበትም የውሃው መንገድ ነው።

ደካማውን የሲሚንቶ ቆዳ ማንሳት

ኮንክሪት ሲሞላና ሲታሽ ውሃ፣ ደቃቅ ሲሚንቶና አፈር ወደ ላይ ይወጡና ስስና ደካማ ቆዳ ይፈጥራሉ። ይህ ቆዳ ለዓይን ጤናማ ይመስላል፤ በቢላ ሲጫር ግን ይዱቀቃል። በእሱ ላይ የተቀባ ቀለም የሚጣበቀው ከኮንክሪቱ ጋር ሳይሆን ከዱቄቱ ጋር ስለሆነ በአንድ ክረምት ውስጥ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ሊሾ በብዛት በማሸት ስለሚሠራ ለዚህ ችግር በተለይ የተጋለጠ ነው።

ቆዳውን ለማንሳት ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው በአልማዝ ዲስክ ግራይንደር ወይም ከፍተኛ ግፊት ባለው አሸዋ ወይም ውሃ መፋቅ ነው። ሁለተኛው በአሲድ ማጠብ ነው። በአሲዱ መንገድ አንድ እጅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ለአራት እጅ ያህል ውሃ ተቀጥኖ፣ አስቀድሞ በረጠበ ወለል ላይ ይፈሳል። አሲዱ ከኮንክሪቱ የካልሲየም ውህዶች ጋር ሲገናኝ አረፋ ይወጣል። አረፋው ሲያባራ፣ አሲዱ ወለሉ ላይ ሳይደርቅ፣ በብሩሽ ታሽቶ በብዙ ውሃ ይታጠባል። ቀጥሎ በውሃ የተሟሟ ቤኪንግ ሶዳ ይፈስበትና የቀረውን አሲድ ያከሽፈዋል፤ ከዚያ እንደገና ይታጠባል።

አሲድ ዘይትን አያነሳም፣ አሮጌ ቀለምን ወይም ውሃ የማያስገባ ሽፋንንም አያልፍም። በወለሉ ላይ አንዳች አረፋ ያልወጣበት ቦታ ካለ ገና ያልታጠበ ወይም የተሸፈነ ቦታ ነው። በአሲዱ ውስጥ ያለው ክሎራይድ ብረትን ስለሚያዝግ፣ አርማታው ተሰንጥቆ ብረቱ የሚታይበት ደረጃ በፍቅ እንጂ በአሲድ መዘጋጀት የለበትም።

ዝግጅቱ መብቃቱን ማወቅ

የተዘጋጀ ወለል በእጅ ሲዳሰስ እንደ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል፤ መዳፍ ሲታሽበት ነጭ ዱቄት አይተውም። ጥቂት ውሃ ጠብ ሲደረግበት ቶሎ ተመጦ ኮንክሪቱ ይጠቁራል። ጠብታው እንደ ዶቃ ተንከባሎ ከቆመ ግን ቅባት ወይም አሮጌ ሽፋን አለ ማለት ነው፤ ቀለሙም እንደ ውሃው ሁሉ አይገባም።

ስንጥቅና ተዳፋት

የማይንቀሳቀስ ስንጥቅ ተጠርጎ በሲሚንቶ ወይም በኢፖክሲ መጠገኛ ይሞላል። ኮንክሪቱ በሙቀት ሲሰፋና ሲጠብ እንዲንቀሳቀስ ታስቦ የተተወ ክፍተት ግን በደረቅ ነገር አይደፈንም፤ ከተደፈነ ቀለሙ በዚያው መስመር ይሰነጠቃል። ውሃ የሚያቁር ጎድጓዳ ቦታም ከቀለም በፊት መስተካከል አለበት። በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር የሚወርድ ተዳፋት ውሃው እንዲፈስ ያደርጋል። ቅንጣት ስስ የውሃ ሽፋንን ይሰብራል እንጂ ኩሬን አያደርቅም።

አቀባብ

1. ወለሉ ከታጠበ በኋላ ሙሉ በሙሉ እንዲደርቅ ይተዋል። ይህ በበጋ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይፈጃል።

2. ገለልተኛ በሆነ ትንሽ ቦታ ላይ ሙከራ ይቀባል። ሲጠነክር በቢላ የመስቀል ምልክት ይጫርበትና ፕላስተር ተለጥፎ በኃይል ይነሳል። ቀለሙ ከፕላስተሩ ጋር ከተነሳ ዝግጅቱ ገና ነው።

3. አምራቹ ካዘዘ ፕራይመር ይቀባል። አለዚያ የመጀመሪያው እጅ በመጠኑ ቀጥኖ ኮንክሪቱ ውስጥ እንዲገባ ይደረጋል።

4. ማዕዘኑና ጠርዙ በብሩሽ፣ ሰፊው ቦታ በሩሎ ይቀባል። ቀለሙ ሳይደርቅ ቅንጣቱ ሊነሰነስበት ስለሚገባ በአንድ ጊዜ የሚቀባው ቦታ ከ1 እስከ 2 ካሬ ሜትር ቢሆን ይመረጣል።

5. ቅንጣቱ ከከፍታ፣ ጤፍ እንደሚዘራ ሰው በእኩል ይነሰነሳል። ቀለሙ እስኪጠግብና ከላይ ደረቅ ቅንጣት እስኪታይ ድረስ መነስነስ ቀለሙ እዚህ ሳስቶ እዚያ እንዳይበዛ ያደርጋል።

6. ሲደርቅ ያልያዘው ቅንጣት ተጠርጎ ይነሳል። ንጹሕ ከሆነ እንደገና ይሠራበታል።

7. የመጨረሻው እጅ ከላይ በስሱ ይቀባል። ይህ እጅ ቅንጣቱን ያስራል። በጣም ከወፈረ ግን ይቀብረዋል፤ ሥራውም ወደ ተራ ቀለምነት ይመለሳል።

ቅንጣቱ ለምን በሁለት እጅ መካከል እንደሚገባ በሒሳብ ማየት ይቻላል። 1 ሊትር ቀለም 8 ካሬ ሜትር ላይ ከተቀባ እርጥብ ውፍረቱ 0.125 ሚሊሜትር ነው። ከቀለሙ 40 በመቶው ብቻ ደርቆ የሚቀር ከሆነ ደረቅ ውፍረቱ 0.05 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህ የ0.3 ሚሊሜትር ቅንጣት ቁመት አንድ ስድስተኛ ብቻ ነው። ቅንጣቱ በአንድ እጅ ብቻ ከተያዘ በጥቂት ወር ውስጥ ተፈልቅቆ ይወጣል። ሁለት እጅ አንድ ሦስተኛውን ያህል ይይዘዋል፤ የቀረው ሁለት ሦስተኛ ለመንከስ ነጻ ሆኖ ይቆያል።

ቅንጣቱን ቆርቆሮው ውስጥ ደባልቆ መቀባትም ይቻላል፤ ሥራው ይፈጥናል። ሆኖም ቅንጣቱ ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይዘቅጣል። በየጊዜው ካልተማሰለ የወለሉ አንድ ወገን ለስላሳ፣ ሌላው ሸካራ ይሆናል። እንዲህ ያለ ያልተመጣጠነ ወለል አደገኛ ነው፤ እግር በሸካራው ተማምኖ ለስላሳው ላይ ያርፋልና።

በደረጃ ላይ ቀለሙ የሚቀባው እግር በሚያርፍበት ገጽ ላይ ሲሆን፣ ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የፊት ጠርዙ ነው። ሰው ሲወርድ የሚንሸራተተው በዚህ ጠርዝ ላይ ነው። ጠርዙን 5 ሳንቲሜትር ያህል ስፋት ባለው የተለየ ቀለም፣ ለምሳሌ በግራጫ ላይ በቢጫ፣ መለየት ዓይናቸው ለደከመ ሰዎችና በምሽት ለሚወርዱ ይረዳል። ሌላ መተላለፊያ በሌለበት ቤት ደረጃዎቹ አንድ እየተዘለለ በሁለት ዙር ይቀባሉ። ለምሳሌ ስፋታቸው 1.2 ሜትር፣ ጥልቀታቸው 0.3 ሜትር የሆኑ 12 ደረጃዎች በድምሩ 4.32 ካሬ ሜትር ናቸው። ሸካራ ኮንክሪት ቀለም ስለሚመጥ በ1 ሊትር 6 ካሬ ሜትር ብቻ ቢታሰብ፣ ለሁለት እጅ 1.5 ሊትር ያህል ይበቃል።

ለብዙ ቀለሞች በእግር ለመሄድ 24 ሰዓት፣ ለመኪና 7 ቀን ያህል መጠበቅ የተለመደ ነው። ትክክለኛው ጊዜ በአምራቹ መመሪያ ላይ ይገኛል።

የአየር ሁኔታ

አብዛኞቹ ቀለሞች የሚቀቡት ሙቀቱ ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የአየሩ እርጥበት ከ85 በመቶ በታች በሆነበት ጊዜ ነው። የወለሉ ሙቀት ጤዛ ከሚይዝበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ መብለጥ አለበት፤ አለዚያ ባልደረቀው ቀለም ላይ ጤዛ ያርፍበታል።

በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ቦታዎች ለዚህ ሥራ ምቹ የሚሆነው ክረምቱ ካለፈና ወለሉ ከደረቀ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ የበልግ ዝናብ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ነው። በአዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ፣ አመሻሽ ላይ የተቀባ ቀለም ቅዝቃዜና ጤዛ ሊያገኘው ይችላል። በሌላ በኩል ማለዳ ፀሐይ እየመታው በሚሞቅ ወለል ላይ ሲቀባ በኮንክሪቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው አየር ይሰፋና ቀለሙ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ ይከፍታል። ስለዚህ የሚመረጠው ሰዓት ወለሉ መቀዝቀዝ ከጀመረ በኋላ፣ ነገር ግን ቀለሙ ጤዛ ሳይወርድ ፊቱን ለመያዝ ጊዜ የሚያገኝበት የከሰዓት በኋላ ነው። እንደ ድሬዳዋና ሰመራ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ቀትር ላይ ወለሉ በጣም ስለሚግል ቀለሙ ሳይጣበቅ ይደርቃል።

ከፍታም የራሱ ተጽዕኖ አለው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ፀሐይን የማይቋቋም ሽፋን ቶሎ ስለሚደበዝዝ፣ ይህ የቀለም ምርጫን ይወስናል።

የተለመዱ ብልሽቶችና ምክንያታቸው

የተላጠ ቀለም ሲገኝ ቁራጩን ገልብጦ ማየት መልሱን ይሰጣል።

- ከጀርባው ግራጫ የሲሚንቶ ዱቄት ከያዘ፣ ደካማው ቆዳ ወይም አቧራው አልተነሳም ነበር።
- ጀርባው ንጹሕ ከሆነ፣ ቅባት ነበረ፣ ወይም ወለሉ እጅግ ለስላሳ ስለነበር ቀለሙ መያዣ አላገኘም።
- አረፋ ሲወጋ ውሃ ካወጣ፣ እርጥበት ከሥር እየመጣ ነው።
- ቀለሙ ሳይላጥ ቅንጣቱ ብቻ ካለቀ፣ የመጨረሻው እጅ አልተቀባም ወይም እጅግ ሳስቷል።
- በጎማ ማቆሚያ ቦታ ብቻ ከተነሳ፣ የጋለ ጎማ ቀለሙን ነቅሎታል፤ ለመኪና የማይሆን ቀለም ተቀብቷል ወይም ሳይጠነክር መኪና ገብቷል።

በእነዚህ ሁኔታዎች በተላጠው ላይ ደግሞ መቀባት ጥቅም የለውም። አዲሱ ቀለም ከአሮጌው የበለጠ ሊጠነክር አይችልም፤ አሮጌው ሲነሳ አብሮ ይነሳል።

እንክብካቤ

በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ዝቅታ በጭቃና በሳሙና ቅሪት ሲሞላ ወለሉ እንደገና ማንሸራተት ይጀምራል። ስለዚህ በጨርቅ ከመወልወል ይልቅ በጠንካራ ብሩሽና በውሃ መታሸትና በደንብ መለቅለቅ አለበት። ሰው በብዛት የሚረግጠው መስመር ከሌላው ቀድሞ ይለሰልሳል። በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ በግንቦት፣ በእጅ ዳስሶ ማየትና የለሰለሰውን መስመር ብቻ አሻክሮ፣ አጥቦና አድርቆ ቅንጣት ጨምሮ መቀባት ሙሉውን ከመድገም ያድናል።

ጥንቃቄ

- ሁልጊዜ አሲዱ በውሃው ላይ ይጨመራል እንጂ ውሃ በአሲድ ላይ አይጨመርም፤ አለዚያ ይፈላና ይረጫል። ማደባለቂያው የፕላስቲክ ባልዲ መሆን አለበት።
- በረኪናና አሲድ በፍጹም መገናኘት የለባቸውም። ሲገናኙ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባን ይጎዳል፣ ሊገድልም ይችላል። አልጌ በበረኪና የታጠበበት ወለል በብዙ ውሃ ተለቅልቆ በሌላ ቀን ብቻ አሲድ ይነካዋል።
- በአሲድ ሲሠራ የጎማ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና ቦት ጫማ ያስፈልጋል። ቆዳ ወይም ዓይን ከነካ ወዲያውኑ ለረጅም ጊዜ በብዙ ውሃ መታጠብና ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።
- ኮንክሪት በደረቁ ሲፈቀፈቅ የሚነሳው የሲሊካ አቧራ ሲሊኮሲስ የተባለ የማይድን የሳንባ በሽታ ያመጣል። በውሃ እያረሰረሱ ወይም አቧራውን በሚመጥ መሣሪያ መፋቅ፣ ለአቧራ የተሠራ ጭምብልም ማድረግ ይገባል፤ ተራ ጨርቅ አይከላከልም።
- አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ሲፋቅ ሕፃናት መራቅ አለባቸው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች፤ ከዚያ በፊት የተቀባ ወለል ግን በዚህ አልተገዛም።

አማራጮች

ሁሉም ወለል ቀለም አያስፈልገውም። አዲስ የሚሞላ ወለል ገና እርጥብ ሳለ ውሃ ከሚወርድበት አቅጣጫ በተሻጋሪ በመጥረጊያ ቢጫር ያለ ተጨማሪ ወጪ የማያንሸራትት ይሆናል። ጭረቱ የኮንክሪቱ አካል ስለሆነም አይላጥም። ያለቀ ሊሾን በግራይንደር መስመር በመስመር መቁረጥ ወይም በአሲድ ብቻ ማሻከርም ይቻላል። ለጥቂት ደረጃዎች በጀርባው የሚጣበቅ ሸካራ ፕላስተር ይበቃል፤ ጠርዙ ሲነሳ ግን እግር ስለሚያሰናክል ቶሎ መተካት አለበት። የመሬት ውሃ ዘወትር ለሚመጣበት ወለል ከቀለም ይልቅ እነዚህ ይመረጣሉ፤ ከሥር የሚገፋ ውሃ ያለማቋረጥ እየመጣ ማንኛውም ቀለም ለረጅም ጊዜ አይቆይምና።

ደግሞ ይዩ

ኮንክሪት፣ ሲሚንቶ፣ ቀለም፣ ሰበቃ፣ ኳርትዝ